ስንቅ የማይደርስበት ግቢ

በኢትዮጵያ የእስረኛ አያያዝ ሲነሳ ማዕከላዊ ይቀድማል። በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን የምርመራ ቤት ነበር። እስረኞቹ ክፍሎቹን «ጨለማ ቤት»፣ «ጣውላ ቤት»፣ «ሸራተን» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ሸራተን ሻል የሚለው መሆኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መንግሥት ራሱ ሲገርፍና ሲያሰቃይ እንደነበር ለፓርላማ አመኑ። ብዙም ሳይቆይ «ጄል ኦጋዴን» የተባለው የጅግጅጋ እስር ቤትም ተዘጋ። ነገሩ ያለቀ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር።

ግርፋት ገራፊ ስላለው ለመክሰስም ለመተረክም ይመቻል። ሪፈር ተጽፎለት «አጃቢ የለም» ወይም «መኪና የለም» እየተባለ የሚከርም ሕመምተኛ ግን ማንን ይከሳል? ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የታወቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. ታስረው ጤናቸው ክፉኛ ከተጎዳ በኋላ ለውጭ ሕክምና የተለቀቁት በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ነው፤ በግንቦት ፊላዴልፊያ ላይ አረፉ። ስማቸው በዓለም እየተጠራ የቆየው ሰው ይህ ከደረሰባቸው፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ታራሚ እንዴት እንደሚታይ መገመት አይከብድም።

እስር ቤቶቻችንን ውለው እንዲያድሩ የሚያደርገው የቤተሰብ ስንቅ ነው። ምግቡ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱ ከቤት ይመጣል። መንግሥት ለታራሚ ቀለብ ይመድባል፤ ሆኖም በር ላይ የሚሰለፉት እናቶችና ሚስቶች ባይኖሩ ያ ቀለብ ብቻውን ስንቱን ያቆማል? ከገጠር ተይዞ ሩቅ ከተማ የታሰረ ገበሬ፣ ጠያቂ ስለሌለው፣ የክፍል ጓደኞቹ በሚያካፍሉት ይኖራል። የሚተኛበትን ቦታ እንኳ የሚወስንለት የክፍሉ ካቦ (የእስረኞቹ አለቃ) ነው። እስረኛን ከቤተሰቡ ማራቅ ራሱን የቻለ ቅጣት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአዲስ አበባ የተያዙ ሰዎች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ በረሃ ውስጥ ባለው የአዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተይዘዋል። ስንቅ ማመላለስ እዚያ ድረስ ለብዙ ቤተሰብ አይታሰብም። ካምፕ ማረሚያ ቤት ስላልሆነ ቤተሰብ የጥየቃ ሰዓቱንም የሕክምና መዝገቡንም የሚጠይቅበት መደበኛ መንገድ የለም።

ቸልታው ሲብስ ምን እንደሚመስል የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት አሳይቷል። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ማረሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ መንግሥት 23 ሰዎች እንደሞቱ፣ አብዛኞቹም በጭስና በመረጋገጥ እንደሆነ ገለጸ። ጥይት ሲተኮስ የሰሙ ግን ይህን አልተቀበሉም። ቤተሰቦች ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ለማወቅ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከግቢ ግቢ ለቀናት ተንከራተዋል። በኋላ ተከሰው የቀረቡት 38 እስረኞች ናቸው። ይህ እስካሁን ይገርመኛል፦ ሰውን ቆልፎ የያዘ አካል ስለ በሩ መጠየቅ አልነበረበትም?

ሕጉን ያነበበ ሰው ጉድለቱ ወረቀት ላይ ነው አይልም፣ ቢያንስ በአብዛኛው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ በቤተሰቡ፣ በሐኪሙ፣ በሃይማኖት አባቱና በጠበቃው እንዲጎበኝ ያዛል። ቀዳዳው ያለው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም ቢልም፣ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አይገድብም። «ምርመራ አልተጠናቀቀም» እየተባለ ወራት የሚቆጠሩት በዚህ ነው። የፖሊስ ጣቢያ ክፍሎች ለአጭር ጊዜ ታስበው ስለተሠሩ ለእንዲህ ያለ ቆይታ አይሆኑም።

ከአገር ውጭ ያለውም ወገን አልቀረለትም። በ2012 ዓ.ም. የሁቲ ኃይሎች ከሰሜን የመን ያባረሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በጂዛን አካባቢና በሌሎች ማቆያዎች ተጨናንቀው ታስረዋል። እነዚህማ ስንቅ የሚያቀብል ዘመድም አጠገባቸው አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ያለ ቅድመ ማሳወቂያ እስር ቤቶችን መጎብኘት ይችላል፤ የሚያወጣው ግን ምክረ ሐሳብ ነው፣ አያስገድድም። ኢትዮጵያ ፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ገለልተኛ ጎብኚዎች በየእስር ቤቱ በመደበኛነት እንዲገቡ የሚያስገድደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልፈረመችም።