ጊዜያዊው ግድግዳና የማይታየው አቧራ

ትምህርት ቤት ሲታደስ ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት እስኪበተኑ መጠበቅ ይቻላል። ሆስፒታል ግን የዕረፍት ወራት የለውም። የአምቦም ሆነ የጊንጪ ሕመምተኛ እድሳቱ እስኪጠናቀቅ ቤቱ ተኝቶ ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ወገን ልስን እየፈረሰ በሌላው ወገን ሕሙማን ይታከማሉ። በመካከል የሚቆመው ጊዜያዊ ግድግዳ ነው። ብዙዎች ይህ ግድግዳ እይታንና ድምፅን ለመከለል የተሠራ ይመስላቸዋል፤ ዋነኛ ተግባሩ ግን አየርን ከአየር መለየት ነው።

እንደ ጭልሞ ባሉ ደኖች የረገፈውን ቅጠል አበስብሰው ወደ አፈር ከሚመልሱት የሻጋታ ዓይነቶች መካከል አስፐርጂለስ አንዱ ነው። ስፖር የሚባሉት መራቢያዎቹ በነፋስ እየተጓዙ በኮርኒስ ላይና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከአቧራ ጋር ይከማቻሉ። የአንዱ ስፖር ስፋት ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ በረጋ አየር ውስጥ እንኳ 1 ሜትር ለመውረድ 1 ሰዓት ያህል ሊፈጅበት ይችላል። ጤነኛ ሰው በየዕለቱ ቢተነፍሰውም ሰውነቱ ይከላከለዋል። በካንሰር ሕክምና ምክንያት ነጭ የደም ሕዋሳቱ በተመናመኑበት ሰው ላይ ግን ለሞት የሚያበቃ የሳንባ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ለአጭር ሥራ ወፍራም ላስቲክ፣ ለረጅም ሥራ ኮምፔርሳቶ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ለግድግዳነት ያገለግላል። ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ከቆመ ግን አቧራው በኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ያልፋል፤ ስለዚህ እስከ ላይኛው ወለል መድረስና ስንጥቁ ሁሉ መታሸግ አለበት። ይህም ብቻውን አይበቃም። በር በተከፈተ ቁጥር አየር ያልፋልና፣ በሥራው ቦታ ያለው ግፊት ከሕሙማኑ ወገን ማነስ ይኖርበታል። የሚፈለገው ልዩነት 2.5 ፓስካል ያህል፣ ማለትም ሩብ ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚያሳድረው ግፊት ነው። አየር መሳቢያ ማራገቢያ ይህን ልዩነት ሲፈጥር፣ አየሩ ከንጹሑ ወደ አቧራማው ወገን ብቻ ይነፍሳል። ተስቦ የሚወጣው አየርም በማጣሪያ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ በአንዱ መስኮት የወጣው አቧራ በሌላው ተመልሶ ይገባል።

በአገራችን ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የሕሙማን ክፍሎች አየር የሚያገኙት በመስኮት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ በተፈጥሮ ነፋስ ለሚናፈሱ መደበኛ የሕሙማን ክፍሎች ለአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር አየር እንዲደርስ ይመክራል። ጊዜያዊው ግድግዳ የኮሪደሩን ነፋስ ከዘጋው፣ ሻጋታን ስንከላከል የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚንሳፈፍበትን አየር እናፍናለን። የእሳት አደጋ መውጫም በግድግዳው ምክንያት ሊዘጋ አይገባም።

በመሆኑም መሐንዲሱ፣ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያውና የክፍሉ ነርስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን አብረው ሊመረምሩ ይገባል። ሥራው ሲያበቃም አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ሳይጸዳ ግድግዳው መነሣት የለበትም። በየዕለቱ መከናወን ያለበት ፍተሻ ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ቁራጭ ሶፍት በበሩ ስንጥቅ አጠገብ ማንጠልጠል ይበቃል። ሶፍቱ ወደ ሥራው ቦታ ከተሳበ ግድግዳው እየሠራ ነው። ወደ ሕሙማኑ ወገን ከተገፋ ሥራው ወዲያውኑ መቆም አለበት።