«ሜርክል በሩን ከፈተችው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

የስደት ወሬ በተነሳበት ቡና ላይ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ2015 የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል «እንወጣዋለን» አሉ፣ ከስደተኛ ጋር ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ጀርመን ገባ ይባላል። አንዱ የሚያወራው ሴትዮዋን ለማመስገን ነው፣ ሌላው ለመውቀስ። ታሪኩ ግን በሁለቱም አፍ አንድ ነው፤ በሁለቱም አፍ ስህተት ነው።

ቀኖቹን እንያቸው (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሜርክል ያን ቃል የተናገሩት ኦገስት 31 ነው። ፎቶው የተነሳው ደግሞ ሴፕቴምበር 10። የአገር ውስጥ ሚኒስትራቸው በዚያ ዓመት 800,000 ያህል ጥገኝነት ጠያቂ እንደሚጠብቁ ያስታወቁት ግን ኦገስት 19 ላይ ነበር። ሰዉ ቀድሞ መንገድ ላይ ነበር ማለት ነው። ብዙዎችን ያስነሳቸው የሶሪያ ጦርነት ነው፤ የተጠለሉበት አገር ኑሮም አላስቀመጣቸውም። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ አጥሮት በዚያው ዓመት በሊባኖስ ለአንድ ስደተኛ የሚሰጠው እርዳታ በወር 13 ዶላር ተኩል ገደማ ወርዶ ነበር። ልጅ ይዞ፣ ቤት ኪራይ ተጠይቆ፣ በዚህ ብር ወር መግፋት ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። የሜርክል ቃል ምንም አልሠራም አልልም፤ የተነሳው ሰው መድረሻውን ሲመርጥ ልቡን ወደ ጀርመን አዘንብሎት ይሆናል።

«በሩን ከፈቱ» የሚባለውስ? ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱም ያለ ድንበር ፍተሻ የሚያሻግረው የሸንገን ስምምነት አባል ናቸው፤ በመካከላቸው የሚከፈት የተዘጋ በር አልነበረም። ሴፕቴምበር 4 ቀን፣ በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ኬሌቲ ባቡር ጣቢያ ለቀናት የተጉላሉ ሰዎች በአውራ ጎዳናው በእግራቸው ወደ ኦስትሪያ ማዝገም ጀመሩ። ሜርክልና የኦስትሪያው መሪ ቬርነር ፋይማን በዚያ ሌሊት የወሰኑት እነዚህን ሰዎች ላለመመለስ ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ ሴፕቴምበር 13፣ ጀርመን በኦስትሪያ ድንበሯ ላይ ቁጥጥር ጀመረች። በ2016 ደግሞ ከሙሉ የስደተኛ መብት ዝቅ ያለ ከለላ ላገኙ ስደተኞች ቤተሰብ ማምጣት ለሁለት ዓመት ታገደ። ይህን የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው?

የማይታወሰው ምስል ስለሌለው ነው። ሙኒክ ባቡር ጣቢያ የተሰበሰበው ሕዝብ እያጨበጨበ እንግዳ ሲቀበል ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፤ የቤተሰብ እገዳው የወጣው በሕግ ወረቀት ነው። ተረቱ የሚጠቅመውም ብዙ ነው። ደጋፊ ፖለቲከኛ የደግነት ማስረጃ ያደርገዋል፣ ተቃዋሚ የጥፋት ማስረጃ። ከሁሉ የከፋው ደላላው ነው፤ «ተከፍቷል» የሚለው ወሬ ገበያው ነው። የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2017 ስለ ጀርመን የሚናፈሰውን ወሬ የሚያስተባብል ድረ ገጽ እስከ መክፈት ደርሷል።

የዚህ ተረት ግልባጭም አለ፤ «አገር ስሙን ካከፋ ስደተኛ አይመጣም» የሚል። ዴንማርክ ሞክራዋለች። በሴፕቴምበር 2015 በ4 የሊባኖስ ጋዜጦች ማስታወቂያ አውጥታ፣ ለአዲስ መጪ የሚሰጠው ድጎማ እስከ ግማሽ መቆረጡን ነገረች። በዚያው ሳምንት ስደተኞች በዴንማርክ አውራ ጎዳና በእግራቸው ሲሄዱ ታዩ፤ ብዙዎቹ ወደ ስዊድን መሻገር የፈለጉ ነበሩ። በዚያ ዓመት በዴንማርክ ጥገኝነት የጠየቀውም ሰው ከቀደመው ዓመት በለጠ። በእኔ እምነት የማስታወቂያው ዋና አንባቢ ኮፐንሃገን ያለው መራጭ ነበር።

ለእኛ ሰዎች የሚበጀው ዝርዝሩን መጠየቅ ነው። የጀርመን የስደተኞች መሥሪያ ቤት ኦገስት 25 ቀን 2015 የደብሊንን አሠራር (ስደተኛው ጉዳዩ መጀመሪያ በገባበት የአውሮፓ አገር ይታይ የሚለውን) ማላላቱን ሲያስታውቅ የጠቀሰው ሶሪያውያንን ብቻ ነበር፤ እሱም ዓመቱ ሳያልቅ ተሻረ። ጣሊያን አሻራ የሰጠ ኢትዮጵያዊ በዚያ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ዘመድዎ ደውሎ «እገሌ አገር ከፍቷል አሉ» ቢልዎት ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ይጠይቁት። ለየትኛው ዜጋ? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ? ጀርመን የደረሰ ካለ ደግሞ ለጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ሳይቀርብ የእርዳታ ድርጅቶቹን ካሪታስን ወይም ዲያኮኒን ያማክር፤ ሁለቱም ለጥገኝነት ጠያቂ ምክር ይሰጣሉ።