ድምፁ ከቋንቋው ሳይነጠል

የእንግሊዝኛ አጠራር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ነጠላ ድምፆችን በማስደጋገም ነው። ቋንቋን በሙሉነቱ የሚያስተምረው አካሄድ ግን አጠራርን ከማዳመጥ፣ ከማንበብና ከጭውውት አይነጥልም።

አማርኛ ተናጋሪው «ስኩል» በማለት ፈንታ «እስኩል» የሚለው ሰንፎ አይደለም፤ አማርኛ ቃልን በሁለት ተነባቢ መጀመር ስለማይወድ ነው። «ሳንክ ዩ» የሚባለውም ምላስን በጥርስ መሃል ብቅ የሚያደርገው ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ ነው። ይህ ባይስተካከልም ሰሚ እምብዛም አይቸገርም።

ከባዱ ጫናው፣ ማለትም ከቃሉ አንዱን ክፍል አጉልቶ መናገሩ ነው። «ፕሬዘንት» መነሻው ጎላ ብሎ ሲነገር ስጦታ፣ መድረሻው ሲጎላ ደግሞ ማቅረብ ማለት ነው። አማርኛ «ገና»ን ሲያጠብቅ በዓሉን፣ ሲያላላ «ገና ነው» የምንለውን ያመለክታል፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ሥራ አንዳንዴ ለጫና ይተወዋል።

የቃላት ዝርዝር ይህን አያስተምርም። ተማሪዎች በድምፅ የተቀዳ የሻይ ቤት ጭውውት ሲያዳምጡ ግን በመጽሐፉ ላይ «ካፕ ኦፍ ቲ» የተባለው፣ ጫና ያላረፈበት «ኦፍ» ተውጦ፣ በተናጋሪው አፍ «ካፐቲ» ሆኖ ይወጣል። መምህሩ ቅጂውን አቁሞ ሐረጉን ሁለት ሦስቴ ያስብላቸዋል፤ ከዚያ እነሱው አስተናጋጅና ደንበኛ ሆነው ይጫወቱታል። ማዳመጡም አብሮ ይቀላል፤ «ይፈጥናል» የተባለው ተናጋሪ ለካ ግማሹን አናባቢ እየዋጠ ኖሯል።