የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት የፍሪኩዌንሲ ምላሽ እንዴት ይለካል?

ደብረ ማርቆስ፦ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር ምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። የፍሪኩዌንሲ ምላሽ ልኬት የዚህ ሙያ መሠረታዊ ተግባር ሲሆን፣ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ለሚጠግኑ ባለሙያዎችም ጠቃሚ ነው።

የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብን ድምፅ ይሰማል። ማጉያው ቀጭኑን ድምፅ የሚያዳክም ከሆነ ንግግር ይታፈናል። ችግሩም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በሚደረግ ፍተሻ ላይታወቅ ይችላል።

ለልኬቱ የሲግናል ማመንጫና ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋሉ። የመግቢያው ቮልቴጅ ሳይለወጥ ፍሪኩዌንሲው ደረጃ በደረጃ ከፍ እየተደረገ የመውጫው ቮልቴጅ ይመዘገባል። ለአብነት ከ1 ነጥብ 6 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ከ0 ነጥብ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር የተሠራ፣ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያሳልፍ ማጣሪያ 1 ሺህ ኸርዝ ገደማ ላይ የመውጫው ቮልቴጅ ወደ መግቢያው 71 በመቶ ይወርዳል። ይህም የመቁረጫ ፍሪኩዌንሲ ይባላል።

ኦሲሎስኮፕ በሌለበት መልቲሜትር መጠቀም የተለመደ ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። በርካታ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው መልቲሜትሮች በዋናነት ለ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል የተዘጋጁ በመሆናቸው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ንባባቸው ይዛባል። በዚህም ሳቢያ ጤነኛ ሰርኪዩት እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ደንበኛው ለአላስፈላጊ ወጪ ሊዳረግ ይችላል።

ስለሆነም መልቲሜትሩ አስቀድሞ ከኦሲሎስኮፕ ጋር በአንድ ማመንጫ ላይ ተገናኝቶ መመርመር አለበት። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ኦሲሎስኮፑ ያልተለወጠ ቮልቴጅ እያሳየ የመልቲሜትሩ ንባብ ከቀነሰ፣ ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የሰርኪዩቱ አይደለም። ንባቡ መቀነስ የጀመረበት ፍሪኩዌንሲም የመልቲሜትሩ የአገልግሎት ወሰን ሆኖ ሊመዘገብ ይገባል።