የተዘነጋው ሦስተኛው ፒ

ፊላደልፊያ የሚገኘው ዋርተን እ.ኤ.አ. በ1881 የተቋቋመ የንግድ ትምህርት ቤት ነው። የኤምቢኤ ተማሪዎቹ በአንደኛ ዓመታቸው ከሚወስዷቸው መሠረታዊ ትምህርቶች አራቱን በ2013 መጸው ላይ ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት መማሪያ በኩል ለቀቃቸው። ከአራቱ አንዱ የማርኬቲንግ መግቢያ ሲሆን፣ ባርባራ ካን፣ ፒተር ፌደርና ዴቪድ ቤል የተባሉ ሦስት ፕሮፌሰሮች ተከፋፍለው አዘጋጅተውታል። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፤ በየምዕራፉ ፈተና አለ፤ በስልክ አውርዶ ኔትወርክ በሌለበት ማየት ይቻላል። የምስክር ወረቀቱ ያስከፍላል፤ አቅም የሌለው ግን ማመልከቻ ጽፎ የክፍያ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ስለ አካሄዱ ይህን ያህል ይበቃል።

እንዲህ ያለው ኮርስ ከሚገባው በታች የሚገመተው ሰው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የሚመዘገበው ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፦ ማስታወቂያዬን ብዙ ሰው እንዲያይልኝ ምን ላድርግ? ኮርሱ ለዚህ ቸኩሎ አይመልስም። ገዢው ማን ነው? ከሌላው ገዢ በምን ይለያል? ከተወዳዳሪው ዕቃ ይልቅ ያንተን የሚመርጠው ለምንድን ነው? እያለ ከሥር ይጀምራል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው እዚህ ላይ ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ያስሮጠዋል፤ ወይም ትቶት ወደ ቲክቶክ የሽያጭ "ምስጢሮች" ይዞራል።

ማርኬቲንግ ማለት ማስታወቂያ ነው የሚለው እምነት ሥሩ ጥልቅ ነው። የመግቢያ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠቅሱት "አራቱ ፒ" ግን ሥራውን ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ (በእንግሊዝኛ አራቱም በፒ ይጀምራሉ) ብሎ ሲከፍል ማስታወቂያን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም የአራተኛው ክፍል አንድ ቅርንጫፍ አድርጎ። አከፋፈሉንም ብዙ ሰው የፊሊፕ ኮትለር ፈጠራ ያደርገዋል። ኮትለር በ1967 ባወጣው መጽሐፉ በየአገሩ አስፋፋው እንጂ፣ አራቱን ፒ በ1960 በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጣቸው ጄሮም ማካርቲ ነው። የሃርቫርዱ ኒል ቦርደን ነጋዴ ማመጣጠን ያለበትን ሲዘረዝር 12 ነገሮችን ቆጥሯል። የማካርቲ ውለታ ዝርዝሩን ተማሪ በአንድ እጁ ጣቶች ሊቆጥረው ወደሚችል መጠን ማሳጠሩ ነው። ለማካርቲ የሚገባውን ስም የሚነፍጉ አሠልጣኞች በዝተዋልና ይህ በቅንፍ ሳይሆን በጉልህ መነገር አለበት።

አራቱ ፒ ለፈተና የሚሸመደዱ ቃላት ብቻ የሚመስሉት ሰው፣ ጫማ ወይም ሻንጣ የሚሸጥ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከፍቶ አስተያየቶቹን ያንብብ። ፎቶው ያምራል፣ ሙዚቃው ደማቅ ነው፣ ጽሑፉ በልብና በእሳት ምልክቶች ተሞልቷል። ከሥሩ የሚደረደረው ግን "ዋጋ?"፣ "አድራሻችሁ የት ነው?"፣ "ክፍለ ሀገር ትልካላችሁ?" የሚል ነው። ገዢው ምንም ኮርስ ሳይወስድ የጎደሉትን ሁለት ፒዎች አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ሻጩ ደግሞ "በውስጥ መስመር" ብሎ ይመልሳል። ዋጋውን ተወዳዳሪ እንዳያይበት ሊሆን ይችላል፤ ገዢውን ገምቶ ለመጥራትም ሊሆን ይችላል። የሆነው ሆኖ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣውን ተመልካች ደጃፉ ላይ አቁሞ ማስጠበቁ ነው። ለማስታወቂያ ከሚያወጣው ግማሹን ቆጥቦ አድራሻውን በግልጽ ቢጽፍ ይሻለው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ልቡ የሚያደላው ለሦስተኛው ፒ፣ ለቦታ ነው። ዕቃው ከተሠራበት ተነሥቶ ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ፣ የሚያድርበትን መጋዘን፣ የሚያርፍበትን መደርደሪያና የሚሸከመውን ሰው ሁሉ ይይዛል። ተማሪዎች ከአራቱ አብልጠው የሚሰለቹት ክፍልም ይኸው ነው። ጅምላ ሻጭ፣ የጭነት መኪና፣ ባዶ ሳጥን፤ ምኑ ያጓጓል? ይሁንና ተመራማሪዎች ስለ ስርጭት ከጻፏቸው ታሪኮች ውስጥ ምርጡ የተጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ የማርኬቲንግ ተማሪ ደግሞ አልሰማውም።

ታሪኩ የለስላሳ ነው። ኮካ ኮላ ሳብኮ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በምሥራቅ አፍሪካ የኮካ ኮላን ምርቶች ጠርሙስ ውስጥ እየሞላ ያከፋፍል ነበር። በሀብታም አገሮች የተለመደው አሠራር ትልቅ የጭነት መኪና ከፋብሪካ ተነሥቶ ትላልቅ መደብሮችን እየዞረ እንዲያራግፍ ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ለስላሳ የሚሸጡት በአብዛኛው የየሰፈሩ ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ያሉበት መንገድ መኪና አያስገባም። ባለ ሱቁ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሳጥን የሚደረድርበት ቦታም የለውም። ስለዚህ አንድ ሁለት ሳጥን ይገዛል፤ ሲያልቅበት ደግሞ ዛሬውኑ ይፈልጋል። የመኪናውን ተራ ሳምንት ሙሉ ቢጠብቅ ደንበኛው ሌላ መጠጥ ይዞ ይሄዳል።

በዚያ ላይ የጠርሙሱ ጉዳይ አለ። የመስታወት ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ ባዶውን ያላስረከበ ሰው ሙሉውን ለመውሰድ መያዣ ይከፍላል። የባለ ሱቁ ካፒታል ከፊሉ የታሰረው ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ነው ማለት ነው። አከፋፋዩ ሙሉውን ማድረስ ብቻ አይበቃውም፤ ባዶውን በየጓዳው ዞሮ ለቅሞ መመለስ አለበት። አንድ ሳጥን ለሚገዛ ሱቅ ትልቅ መኪና ቢላክ ትርፉ ለነዳጁም አይበቃም።

ኩባንያው በ1999 አዲስ አበባ ላይ የሞከረው መፍትሔ ከመኪና ወርዶ ጋሪ መግፋት ነበር። በየአካባቢው አንድ ነጋዴ ይመረጣል፤ ትንሽ መጋዘን ያዘጋጃል፤ የሚያገለግለው ክልል ይመደብለታል። መኪናው የሚመጣው እስከዚህ መጋዘን ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነጋዴው የቀጠራቸው ሠራተኞች በእጅ ጋሪ እየገፉ ሱቅ ለሱቅ ያዳርሳሉ፤ ባዶውንም በዚያው ጋሪ ይመልሳሉ። ማዕከል በተባለው በእያንዳንዱ መጋዘን ሥር ያሉት ሱቆች እስከ 150 ገደማ እንዲሆኑ ታሰበ። ይህ መጠን አንድ ጋሪ ገፊ እያንዳንዱን ባለ ሱቅ በስሙ ሊያውቀው የሚችልበት ነው። ማን በዓርብ ገበያ ብዙ እንደሚሸጥ፣ የማን ማቀዝቀዣ እንደተበላሸ፣ የትኛው ሱቅ ፋንታ እንዳለቀበት ገብቶ ያያል። ኩባንያው ለዚህ መረጃ አጥኚ ቢቀጥር ኖሮ ብዙ ገንዘብ ባወጣ ነበር።

የሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤትና የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2009 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ ይህ አሠራር በአፍሪካ ወደ 2,500 የሚጠጉ ማዕከሎችና ከ12,000 በላይ የሥራ ዕድሎች ፈጥሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከኩባንያው ሽያጭ 83 በመቶው፣ ታንዛንያ ውስጥ ደግሞ 93 በመቶው የሚያልፈው በእነዚህ ማዕከሎች በኩል ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይቶ "ኮካ የሚሸጠው በማስታወቂያ ነው" የሚል ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሞ ይያቸው። ግድግዳው ያስጠማል እንበል፤ ጥማቱ በተነሣበት ሰዓት ጠርሙሱ ሱቁ ውስጥ ከሌለ ግን ቀለሙ የጠቀመው ጎረቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ሌላ ለስላሳ ነው።

የመርካቶ ተራዎችም ስለ ቦታ ብዙ ያስተምራሉ። ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ በርበሬ ተራ እያለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ለውጭ ሰው ግራ ያጋባል፤ ተወዳዳሪን አጠገብ አድርጎ መሸጥ ምን ይባላል? ምክንያቱ የገዢው ድካም ነው። ከሩቅ የመጣ ሰው ዋጋና ጥራት ለማወዳደር ከተማውን አያስስም፤ ተራውን ያውቀዋል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ነጋዴው ከሚያጣው ይልቅ በጋራ ከሚመጣው ገዢ የሚያገኘው ይበልጣል።

የዋርተኑ ኮርስ በመጀመሪያ ሲለቀቅ በነበረው ይዘቱ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የዴቪድ ቤል ክፍል ነበር። በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው እንኳ ከቦታ እንደማያመልጥ ያሳይ ነበር፤ አካባቢያችን ውስጥ የሌለውን ነገር ነው ከኢንተርኔት አብልጠን የምናዘው። ዋርቢ ፓርከር የተባለውን የመነጽር ሻጭ እንውሰድ። በ2010 የጀመሩት አራት የዋርተን ተማሪዎች ነበሩ። መነጽር ፊት ላይ ሳይሞከር እንዴት ይገዛል ለሚለው ስጋት መልሳቸው አምስት መነጽር በነጻ ቤት ድረስ ልኮ ማስሞከር ሆነ። ይህም አልበቃ ብሏቸው በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ ባለ መስኮትና ባለ መደርደሪያ እውነተኛ መደብር ከፈቱ። "ሱቅ ምን ያደርጋል፣ ሁሉ ኦንላይን ሆኗል" የሚሉ ወዳጆች ይህን ታሪክ ባይዘሉት መልካም ነው።

የባርባራ ካን የብራንድ ክፍል ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም ወዶት ስለሚያየው ጠበቃ አያስፈልገውም።

ስለ መዝለል ከተነሣ አይቀር፣ ዋርተን የሚገኝበት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ2013 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ጥናት ኮርሴራ ላይ የነበሩ ትምህርቶቹን እስከ መጨረሻ የሚዘልቁት በአማካይ 4 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። አንድም ቪዲዮ ያልከፈቱት ከተመዝጋቢው ግማሽ ያህል ናቸው። ለማቋረጡ ሰበብ አይጠፋም፤ መብራት አለ፣ ዳታ አለ፣ ሥራ አለ። ይበልጥ የሚያሳዝነው የጨረሰው ሰው አንዳንዴ የሚጨርስበት መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ካጋጠሙት ተማሪዎች ውስጥ ቪዲዮ ሳያዩ መልሶቹን እየሞከሩ በማጥበብ ፈተናውን ያለፉ፣ የምስክር ወረቀቱንም በዚያው ምሽት ሊንክድኢን ላይ የለጠፉ አሉ። ከአራቱ ፒ ሦስተኛው ምን ነበር ሲባሉ ስልካቸውን ያወጣሉ።

እነዚህ ሰዎች ካመለጣቸው ውስጥ የፒተር ፌደር ክፍል አንዱ ነው። ፌደር "ደንበኛ ንጉሥ ነው" የሚለውን ልማድ አይወድም። ደንበኞች እኩል ዋጋ የላቸውም፤ ድርጅት ማወቅ ያለበት ማን ወደፊት ምን ያህል እንደሚያመጣለት ነው ይላል። በመስተንግዶዋ የምትወደሰውን የአሜሪካ የመደብር ድርጅት ኖርድስትሮምን እንኳ በዚህ መለኪያ አያልፋትም፤ ለገባ ሁሉ ጥሩ መሆንና የትኛው ደንበኛ እንደሚበልጥ ማወቅ ለእርሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርሱ፣ ብሩስ ሃርዲና ካ ሎክ ሊ በ2005 ያሳተሙት የስሌት ዘዴ ስለ እያንዳንዱ ደንበኛ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ ተመልሶ ገዛ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የገዛው መቼ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዛ ምን ያህል ጊዜ ሆነው።

ኮርሱ ስለ ዱቤ ምንም ሊል አይችልም፤ የአሜሪካ ተማሪ የሰፈር ሱቅ ደብተር አያውቅም። ሦስቱ ነገሮች ግን ባለ ሱቁ ከሚዛኑ አጠገብ በሚያስቀምጣት የዱቤ ደብተር ውስጥ በስምና በቀን ተጽፈው አሉ። ደብተሯ ላይ የማይገኘው በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ የሚሄደው ደንበኛ ነው። ያ ሰው በ2021 ሥራ በጀመረው ቴሌብር መክፈል ከጀመረ ወዲህ የእርሱም ስምና ቀን በባለ ሱቁ ስልክ ላይ በአጭር መልእክት ይገባል። የፌደርን ክፍል ያየ ተማሪ ለልምምድ ከውጭ አገር የተዘጋጀ የቁጥር ሰንጠረዥ ማውረድ አያስፈልገውም፤ ባለ ሱቁን አስፈቅዶ፣ ስሞቹን በቁጥር ተክቶ፣ የአንድ ዓመት ገጾችን መገልበጥ ይችላል።