የወታደር ቤተሰብን ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች የሚሰጥ ሥልጠናና የመምህሩ ድርሻ

አንድ ወታደር ለግዳጅ ሲሰማራ ትእዛዙ የሚደርሰው ለእርሱ ብቻ ቢሆንም፣ የሚለወጠው ግን የመላው ቤተሰብ አኗኗር ነው። የገንዘብ አያያዙም፣ የልጆች አስተዳደጉም፣ የሕመምተኛው ጉዳይም በቀረው ወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን ቤተሰብ በየዕለቱ የሚያገኙት መምህራን፣ ነርሶች፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችና ምክር ሰጪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የውትድርናን ኑሮ በቅርብ የማያውቁ ሲቪሎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ባለሙያዎች ምን ዓይነት ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ከዩናይትድ ስቴትስ ልምድ በመነሣት ማስረዳት ነው። ያች አገር የተመረጠችው ጉዳዩ እዚያ ለረጅም ጊዜ ስለተጠናና ከውጤቱ ጋር ጉድለቱም ስለሚታይ ነው።

ጥናቱ በሰፊው የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሩበን ሂል የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በአይዋ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ 135 ቤተሰቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቤተሰብን ለቀውስ የሚዳርገው የደረሰበት ሁኔታ ብቻ እንዳልሆነ አመለከተ። ቤተሰቡ በእጁ ያለው አቅምና ለሁኔታው የሚሰጠው ትርጉም አብረው መታየት አለባቸው። ከዚህም የተነሳ በአንድ ቀን ለአንድ ጦር ግንባር አባቶቻቸውን የሸኙ ሁለት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ የሚያሳዩት ጠባይ ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ሂል የመረመረው መለያየትን ብቻ ሳይሆን እንደገና መገናኘትንም ጭምር ነው። አባት በሌለበት እናት የቤቱን ኀላፊነት ይዛ፣ የበኩር ልጅም በአባቱ ፈንታ ታናናሾቹን ሲቈጣና ሲያዝ ከቆየ በኋላ፣ የተመለሰው አባት ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። የመምህሩ ንቃት ግን ብዙ ጊዜ በስንብቱ ይጀምርና በመመለሻው ቀን ያበቃል። «አባትህ መጣልህ፤ እንግዲህ ምን ቀረህ?» የሚባለው ልጅ፣ ችግሩ ገና የጀመረው በዚያው ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ለሥልጠናው መሠረት የሆነው አሳብ የመጣው ከቬትናም ጦርነት ነው። ፓውሊን ቦስ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በጦርነቱ ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ ቁርጡ ያልታወቀ እጦት የራሱ ጠባይ እንዳለው ተገነዘቡ። ሞቱ የተረዳለት ሰው ይለቀስለታል፤ እርሙ ይወጣል። ደብዛው የጠፋው ግን አይቀበር፣ አይጠበቅ። ቦስ የዚህን ተቃራኒ የሚመስለውን ሁኔታም በዚሁ አሳብ ሥር ይመድቡታል፤ ይኸውም በአካል ከቤት ውስጥ ሆኖ በመንፈሱ የሌለ ሰው ነው። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ወይም አእምሮው ታውኮ የተመለሰ ወታደር ያለበት ቤት በዚህ ይገለጻል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ «አይዟችሁ፣ ያልፋል» ማለት ትርጉም የለውም። ባለሙያው የሚማረው ቁርጡ አለመታወቁ ራሱ ሸክም መሆኑን አምኖ መቀበልን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የታወቀ ጽሑፍ የዘመቻን ጊዜ በአምስት ምዕራፍ ከፍሎታል፤ ከመሄዱ በፊት፣ የመጀመሪያው ወር፣ መካከለኛው ጊዜ፣ የመመለሻው ወር፣ ከተመለሰ በኋላ። አከፋፈሉ ለማስተማር ስለሚመች በየሥልጠናው ይገኛል። ሆኖም እንደ ጊዜ ሰሌዳ ሊወሰድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢራቅና በአፍጋኒስታን የአሜሪካ ምድር ጦር የግዳጅ ጊዜ ከ12 ወደ 15 ወር ሲራዘም፣ ለመመለሻ ይዘጋጅ የነበረ ቤተሰብ ወደ መካከለኛው ምዕራፍ ተመልሶ ገባ። ምዕራፎቹን በቃል ያጠና ሠልጣኝ ከፊቱ የተቀመጠውን ልጅ ትቶ ሰንጠረዡን ማየት ይቀናዋል።

ሥልጠናው በየገጠሩ እንዲዳረስ የመከላከያና የግብርና መሥሪያ ቤቶቹ ተባብረዋል። ይህ ጥምረት ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ አገር የእርሻ ኮሌጆች የኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1914 ሕግ ወዲህ እስከ ታችኛው የአስተዳደር እርከን ድረስ ተሠማርተው ስለ እርሻ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግም ሲያስተምሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዓለማያ ኮሌጅ ሲቋቋም የረዳው የኦክላሆማው ኮሌጅም የዚሁ ሥርዓት አባል ነው። በኋላ ዋንኦፕ የተባለው የትምህርት መረብ በዚህ መሠረት ላይ ተገንብቶ ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች፣ ለገንዘብ አያያዝ አማካሪዎችና ለሕፃናት ባለሙያዎች ትምህርቱን በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ትምህርቱ ለሙያ ፈቃድ ማደሻ እንዲቈጠርላቸውም ተደርጓል፤ ባለሙያው ደጋግሞ እንዲመጣ ያደረገውም ይኸው ይመስለናል።

ይህ ሁሉ ለምን ከካምፕ ውጭ ላሉ ባለሙያዎች አስፈለገ? መከላከያ ሚኒስቴሩ የራሱ ትምህርት ቤቶች ቢኖሩትም፣ አብዛኞቹ የወታደር ልጆች የሚማሩት በተራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የተጠባባቂው ጦርና የናሽናል ጋርድ አባላት ልጆች ጭራሽ ከሲቪሉ ጎረቤት አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የትምህርት ሕግ የወታደር ልጆች በተማሪዎች መዝገብ ተለይተው እንዲታወቁ ያዘዘ ቢሆንም፣ ትእዛዙ በሙሉ ጊዜ አገልግሎት ላይ ያሉትን እንጂ የተጠባባቂውን ልጅ አላካተተም። ስለዚህ መምህሩ ራሱ ካላስተዋለ የሚነግረው የለም።

ከመምህሩ የሚፈለገው ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ሊቅ መሆን አይደለም። ጠባይ ሲለወጥ ማስተዋል፣ የክፍሉን ሥርዓት ሳያላሉ ለልጁ ጊዜ መስጠት፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ወደሚመለከተው ባለሙያ መምራት ነው። መጠየቅ የማይገባውንም መለየት አለበት፤ በክፍል ፊት «አባትህ ሰው ገድሏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ እንዳለ ሁሉ፣ ያንኑ ለስለስ አድርጎ የሚጠይቅ መምህርም አይጠፋም።

የርእሰ መምህሩና የመዝገብ ቤቱ ሥልጠና ከዚህ ይለያል። ወታደር ሲዛወር ልጁም አብሮ ይዛወራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶቹ በየተራ የገቡበትና በኋላም ሁሉም የተቀበሉት ስምምነት፣ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ወላጁ ይዞት በመጣው ጊዜያዊ ማስረጃ ልጁን ወዲያው እንዲመዘግብ፣ ላኪው ትምህርት ቤት ደግሞ ዋናውን ማስረጃ በ10 ቀን ውስጥ እንዲልክ ያስገድዳል። ለጎደለ ክትባትም 30 ቀን ይሰጣል። ደንቡን የማያውቅ ጸሐፊ «ማስረጃህን አሟልተህ ና» ብሎ የሚመልሰው ልጅ የሚያጣውን የትምህርት ጊዜ ማንም ምክር ሰጪ አይመልስለትም።

በእኛም አገር የሠራዊት አባላት ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ጋር ተደባልቀው ስለሚማሩ፣ ከዚህ ሁሉ በቀላሉ ሊጀመር የሚችለው ለመምህራን በሚሰጠው የሥራ ላይ ሥልጠና ጥቂት ሰዓት መመደብ ነው። በምዝገባ ቅጽ ላይ የወላጅን ግዳጅ የሚጠይቅ መስመር ይጨመር የሚል አሳብ ቢነሣ ግን አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ነገር አለ። አንዲት የወታደር ሚስት በቤቷ ያለውን ችግር የተናገረችው ቃል የባሏን እድገት ያሰናክል እንደሆነ ከፈራች ዝም ትላለች። በአሜሪካ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚላኩት የወታደር ቤተሰብ አማካሪዎች፣ በልጅ ላይ ጥቃት እንደ መድረስ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንደ መውደቅ ያለ፣ ማሳወቅን ግድ የሚያደርግ ነገር ካልሆነ በቀር የተነገራቸውን የማያሳውቁትና የምክር መዝገብ የማይዙትም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ቅጹ ከመታተሙ በፊት መልሱን ማን እንደሚያነበው፣ የት እንደሚቀመጥና ልጁ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ምን እንደሚደረግበት በጽሑፍ መታወቅ ይኖርበታል።