ወጥመድ ያጠመደና ወጥመድ የገባ

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ከሣጥን ገንዘብ እየጠፋ ስላስቸገረ አንድ ጓደኛችን «ሁለት መቶ ብር ትራስ ላይ እንጣል፤ ያነሣው እሱ ነው ሌባው» አለ። ግማሾቻችን «እሰየው» ስንል ግማሾቻችን ደግሞ «ሰርቆ የማያውቀውን እኛው ሌባ ብናደርገውስ?» ብለን ተቃወምን። ለመሆኑ ሕግ ምን ይላል?

በዚህ ነገር ብዙ የተከራከሩት የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ናቸው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን አንድ የመንግሥት ሰው አገር ጎብኚ መስሎ ሶሬልስ ከተባለ ሰው ቤት ይገባል። ሁለቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአንድ ክፍለ ጦር የዘመቱ ኖረው ጨዋታው ደራ። እንግዳው መጠጥ ፈልግልኝ አለ፤ ሰውየው እምቢ አለ። ደግሞ ጠየቀ፤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ሰውየው ወጣ ብሎ ግማሽ ጋሎን ውስኪ አመጣና አምስት ዶላር ተቀበለ፤ በዚያው ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጥመድ መከላከያውን ተቀበለለት።

እንግዲህ መለኪያው ሁለት ነው። አንደኛው ተከሳሹን ያያል፦ ፖሊስ ሳይደርስበት በፊት ወንጀሉን ለመሥራት ዝግጁ ነበር ወይ? የፌዴራሉ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት ይህን ነው፤ ዝግጁ እንደነበር ማስረዳትም የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። ሁለተኛው ፖሊስን ያያል፦ ያደረገው ግፊት ሕግ አክባሪውን ሰው ጭምር የሚያሳስት ነበር ወይ? ካሊፎርኒያ ከ1979 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህኛው ትሠራለች። ለእኛ ሁለተኛው ይሻለናል፤ በመጀመሪያው ቀድሞ የተቀጣ ሰው ምንም ዓይነት ተንኮል ቢሠራበት «ድሮም ያው ነው» ይባላላ!

በምሳሌ እንየው። ወልቂጤ ላይ አንድ ሹም ለንግድ ፈቃድ ጉቦ ጠየቀ እንበል። ነጋዴው ለፖሊስ አመለከተ፤ የብሩ ቁጥር ተመዘገበ፤ ሹሙ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ይህ ወጥመድ አይባልም፤ ጠያቂው ራሱ ነውና። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ጉቦ በልቶ የማያውቅ ጸሐፊ ዘንድ ባለጉዳይ የመሰለ ሰው «ልጄ ታሞብኛል» እያለ አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ በአምስተኛው ብሩን ኪሱ ከተተለት። ይህስ?

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ ለወጥመድ ተብሎ የተጻፈ ነጻ የሚያወጣ አንቀጽ የለም። አንቀጽ 36 ግን ሌላውን በማግባባት፣ በገንዘብ፣ በስጦታ ወይም በማስፈራራት ወንጀል ያሠራ አነሣሽ ራሱ ጥፋተኛ ነው ይላል፤ አነሣሹ ፖሊስ ሲሆን ይቀርለታል የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ አላገኘንም። ለጸሐፊው የሚቀርበው አንቀጽ 82 ነው፤ በከባድ ችግር ወይም ጭንቀት ተገፍቶ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ይቀልለታል እንጂ ነጻ አይወጣም፤ ይህ ለእኛ ጎደሎ ሆኖ ታይቶናል።

ሁለት መቶ ብሩ እስካሁን ትራስ ላይ አልተጣለም። የክፍሉ ተጠሪ ግን ቁልፍ ገዝቷል።